ዘይቱን ከማወፈራችሁ በፊት

አዳማ ላይ የሪሞት መኪና እሽቅድምድም የጀመሩ ልጆች፣ መኪናቸው ከኩርባ ስትወጣ ኋላዋ ከዞረባቸው የመጀመሪያ ሥራቸው የኋላውን ዲፈረንሻል፣ ማለትም ለግራና ለቀኝ ጎማ ኃይል የሚያካፍለውን የጥርስ ሳጥን፣ ዘይት ማወፈር ነው። ስንት ጊዜ ልናገር! ወፍራም ዘይት ኋላውን አያስይዝም፤ ያስለቅቀዋል።

ኩርባ ላይ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ዲፈረንሻል የተሠራውም ሁለቱ በየራሳቸው ፍጥነት እንዲዞሩ ነው። ዘይቱ ሲወፍር እኩል ለመዞር ይገደዳሉ፤ አንዱ አስፋልቱን ይፍቃል፤ የሚፍቅ ጎማ ደግሞ ወደ ጎን ለመያዝ አቅም አይተርፈውም። ውጭ አገር ምንጣፍ በተነጠፈበት አዳራሽ ውስጥ ጎማ አጥብቆ ስለሚይዝ ጉዳቱ ያንሳል። የእኛን አስፋልት ግን ነፋሱ አቧራ ያለብሰዋል።

ባለፈው እሑድ አንድ ወጣት ቁጥሩ 10,000 የሆነ የሲልከን ዘይት (ቁጥሩ ሲጨምር ዘይቱ ይወፍራል) ሞልቶ መጣ፤ ዞረችበት። 20,000 አደረገው፤ ባሰባት። አብረን ፈታነው፣ ጠረግነው፣ 3,000 ሞላንበት። ባትሪው እስኪያልቅ ሲነዳት አንድ ጊዜ እንኳን አልዞረችም። የልጁ ደስታ ለእኔም ተረፈኝ።

የፊቱ ዲፈረንሻል ሌላ ነው። እዚያ ወፍራም ዘይት ፍጥነት ስትሰጧት መኪናዋን ከኩርባው ጎትቶ ያወጣታል፤ ሲበዛ ግን ጠባብ ኩርባ ላይ አልታጠፍ ትላለች።

ዘይት ስትሞሉ አረፋው ወጥቶ እስኪያልቅ ታገሡ። ዲፈረንሻሉን ገጥማችሁ ስትጨርሱ በወርቅ ሚዛን መዝኑትና ክብደቱን ጻፉ። በሌላ ቀን ቀንሶ ካገኛችሁት ኦሪንጉ፣ ዘይቱን የሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ ዘይት እያፈሰሰ ነው፤ ይህን ሳታውቁ ሌላውን ሁሉ ስትነካኩ ትውላላችሁ።

ቺንጋ አታክርሩ። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አትቀይሩ።

የፒኞኑ (ሞተሩ ላይ ያለው ትንሽ ጥርስ) እና እሱ የሚያዞረው የትልቁ ጥርስ አገጣጠም ብዙ ሰው ይሳሳትበታል፤ እኔም በመጀመሪያው ዓመት እንዳይጮህ ብዬ አጣብቄ ገጥሜው ሞተር አቃጥያለሁ። አሁን ከደብተር የቀደድኩትን ቁራጭ ወረቀት በሁለቱ መካከል አስገብቼ ሞተሩን ወደ ጥርሱ እገፋና ብሎኑን አጠብቃለሁ። ጥርሱን በጣቴ ሳዞረው ወረቀቱ ሳይቀደድ እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፎ ከወጣ ልክ ነው።

ውጭ ባለው ጥርስ ላይ ግራሶ የምትቀቡ፣ እባካችሁ ተዉ! የአዳማ አቧራ ግራሶ ላይ ሲለጠፍ እንደ ሞረድ ሆኖ የፕላስቲኩን ጥርስ ይበላዋል። በደረቅ የጥርስ ብሩሽ መጥረግ ይበቃል።