አሮጌ ኮድ ስትረከቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ በሶፍትዌር ሥራ የሚተዳደር ሰው አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ በመጠገን ነው። ሆቴሉ፣ ክሊኒኩ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ከዓመታት በፊት ያሠሩት ሲስተም አላቸው። የሠራው ልጅ ወይ አዲስ አበባ ገብቷል፣ ወይ ከአገር ወጥቷል። ኮዱ በቪዥዋል ቤዚክ 6 ወይም በድሮ ፒኤችፒ የተጻፈ ነው፤ ማብራሪያ የለውም። ባለቤቱ "ትንሽ ነገር ናት፣ ቶሎ አስተካክሉልኝ" ይላል። የሰው ደመወዝ የምታዛባውም፣ የታካሚ ካርድ የምታጠፋውም ያቺው ትንሽ ነገር ናት።

የተሰጣችሁን ፎልደር ማመን

በፍላሽ ተቀድቶ የሚሰጣችሁ ኮድ ብዙ ጊዜ አሁን እየሠራ ያለው አይደለም። "የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ 2"፣ "አዲሱ የመጨረሻ" የሚሉ ፎልደሮች ይኖራሉ። መጀመሪያ ምንም ሳትነኩ በራሳችሁ ኮምፒውተር አስነሱት። በአንድ ዓይነት ዳታ ከእሱም፣ ድርጅቱ ጋ እየሠራ ካለውም ሪፖርት አሳትሙና አስተያዩ። ቁጥሩ ካልገጠመ ሌላ ቅጂ የሆነ ቦታ አለ፤ ፈልጉት። ሲገጥም እንዳለ ጊት (የኮድን ለውጥ ሁሉ መዝግቦ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም) ውስጥ አስገቡትና ከዚያ ጀምሩ።

ያልገባችሁን መስመር መሰረዝ

የክሊኒክ ካርድ መፈለጊያ ውስጥ እንዲህ ያለ ፋንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) አገኛችሁ እንበል። የተጻፈውን ስም ይቀበላል። ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይቀይራል። ፍለጋውን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ለተቻኮለ ሰው ከንቱ ድካም ይመስላል። ሰረዛችሁት። በማግሥቱ "ፀሐይ" ተብለው የተመዘገቡ እናት ይመጣሉ። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ "ጸሀይ" ብላ ትጽፋለች። የሉም ይላል። አዲስ ካርድ ይወጣላቸዋል። የደም ግፊታቸው ታሪክ፣ የማይስማማቸው መድኃኒት፣ ሁሉም አሮጌው ካርድ ላይ ቀረ።

ስህተቱን ማንም ቶሎ አያየውም፤ ሲስተሙ አልቆመም፣ ቀይ ጽሑፍም አላወጣም። ለዚህ ነው ያልገባችሁ መስመር እስኪገባችሁ ድረስ ባለበት ይቆይ የምለው።

ቁጥርን ፈልጎ መተካት

ይህኛው በጣም ያሳስበኛል፤ የሰው እንጀራ ነው። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት የተጻፈ የደመወዝ ኮድ ውስጥ "ደመወዝ ሲባዛ በ0.35፣ ሲቀነስ 1500" የሚል መስመር ታገኛላችሁ። 1500 ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። ከ10,900 ብር በታች ያለው የደመወዙ ክፍል በዝቅተኛ መጣኔ ስለሚሰላ፣ በ35 በመቶ ሲባዛ የሚመጣውን ትርፍ የሚቀንስ ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ሠንጠረዡ ተቀየረ። ከግብር ነጻ የሆነው 600 ብር 2,000 ሆነ። 35 በመቶው ከ14,000 ብር በላይ ላይ ተጀመረ፤ ተቀናሹም 2,050 ሆነ። 20,000 ብር የሚከፈለው ሰው ድሮ 5,500 ይቆረጥበት ነበር፣ አሁን 4,950።

ታዲያ የተቻኮለው ሰው 1500ን ፈልጎ በሙሉ በ2050 ይተካል። አንዱ 1500 ግን የትራንስፖርት አበል ሊሆን ይችላል። ይህን ተጠንቅቆ ቢያልፍ እንኳ ሌላ ወጥመድ አለ። ሠራተኛው ለባንክ ብድር የግንቦት 2017 የደመወዝ ማስረጃ ይጠይቃል። ሲስተሙ እንደገና ሲያሰላው በአዲሱ ሕግ ያሰላዋል። ወረቀቱ በወቅቱ ከተከፈለው ጋር አይገጥምም፤ ኦዲተር ሲመጣ ሒሳብ ሠራተኛዋ ናት የምትጠየቀው። መጣኔውን ከኮዱ አውጡት። "ከዚህ ቀን ጀምሮ" የሚል ዓምድ ባለው ሠንጠረዥ ውስጥ አኑሩት። አሮጌውን አትሰርዙ፤ አዲሱን ከሥሩ ጨምሩ።

የክልል ስምም እንዲሁ ነው። በድሮ ሲስተም የሐዋሳ ደንበኛ አድራሻው "ደቡብ" ነው። ሲዳማ በ2012 ክልል ሲሆን "ደቡብ"ን ሁሉ "ሲዳማ" ያደረገ ሰው የወላይታውን፣ የጌዴኦውን፣ የሀዲያውንና የካፋውን ደንበኛም አብሮ ሲዳማ አደረገው። ዛሬ እነዚህ ዞኖች በሦስት የተለያዩ ክልሎች ውስጥ ናቸው። የምታርሙት በዞን እያያችሁ ነው። ዞኑ ካልተመዘገበ ደንበኛው ይጠየቅ እንጂ በግምት አትሙሉ።

የድሮውን ሰው አላዋቂ አድርጎ ማየት

ቀኑ 30/02/2011 ተብሎ በጽሑፍ ተቀምጦ ስታዩ "ይሄ ሰው ቀን እንዴት እንደሚቀመጥ አያውቅም እንዴ?" ትሉ ይሆናል። ጥቅምት 30 ነው። ወደ ዳታቤዙ የቀን ዓይነት ስትቀይሩት አይቀበለውም፤ ፌብሩዋሪ 30 የለም። ጳጉሜም 13ኛ ወር ስለሆነች ትወድቃለች። እነዚህስ ጥሩ ናቸው፣ ስህተቱን ወዲያው ያሳያሉ። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው። 12/05/2011፣ ማለትም ጥር 12፣ ያለምንም ቅሬታ የፈረንጆች ሜይ 12 ቀን 2011 ሆኖ ይገባል። ብድሩ ከሰባት ዓመት በላይ ወደኋላ ሄደ። ወለዱም ቅጣቱም ይከተለዋል።

የቀን መቀየሪያውንም ራሳችሁ በግምት አትጻፉት። ጳጉሜ በ2011 እና በ2015 ስድስት ቀን ነበረች፤ ስለዚህ ቀጣዩ አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ዋለ። መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 የሚያደርግ ኮድ እዚያ ላይ በአንድ ቀን ይስታል።

የላቲን ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ዓምድ ብታገኙም "ዳታው ተበላሽቷል" ብላችሁ አትጣሉት። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ የሚጠቀሙበት የጋራ ቁጥር) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ሰው በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት ፎንቶች ይጽፍ ነበር። ያ ዝብርቅርቅ በፎንቱ ሲታይ ንጹሕ አማርኛ ነው፤ ወደ ዩኒኮድ ይቀየራል።

ሁሉንም ከባዶ ልጻፈው ማለት

ያጓጓል። ኔትስኬፕ በ1998 እ.ኤ.አ. የብራውዘሩን ኮድ ከሥሩ ለመጻፍ ወሰነ። ስሪት 6 የወጣው በ2000 መጨረሻ ነው፤ ስሪት 5 ለገበያ ሳይወጣ ቀረ። እስከዚያ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ገበያውን ወሰደው። ለአንድ ሆቴል ሲስተምም አደጋው ያው ነው። ሪፖርቱን፣ ከዚያ የክፍል ምዝገባውን፣ ከዚያ ሒሳቡን እያላችሁ ቀስ በቀስ ተኩ።

የሞተ ኮድን፣ ማለትም አሁን ማንም የማይጠቀምበትን፣ ባለበት መተውም መዘዝ አለው። በ2012 እ.ኤ.አ. ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ኩባንያ ለአዲስ ሥራ የተጠቀመው ማብሪያ (ኮድ ውስጥ አንድን ሥራ የሚያስጀምር ምልክት) ድሮ ሌላ፣ የተተወ ኮድ ያስነሳ ነበር። ከ8 ሰርቨሮች አንዱ አዲሱን ኮድ አላገኘም። አሮጌው ኮድ ነቃ፤ በ45 ደቂቃ ውስጥ ወደ 440 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ ደረሰ። ማንም እንደማይጠቀምበት ያረጋገጣችሁትን ኮድ አውጡት፤ ጊት ውስጥ ስላለ አይጠፋም።

ሰው አለመጠየቅ

ኮዱን የጻፈው ሰው ባይገኝም በየቀኑ የሚጠቀሙበት ሰዎች አሉ። ገንዘብ ያዧ ጋ ሄዳችሁ "እትዬ፣ ይሄ ሪፖርት ለምን ሁለት ጊዜ ይታተማል?" በሉ። "አንዱ ለገቢዎች ነው፤ ሌላው ለቦርዱ፣ ቦርዱ ሳንቲም አይፈልግም" ትላችኋለች። ኮዱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ብትፈልጉ የማታገኙት ነገር ነው። መልሱን ከመስመሩ በላይ በኮመንት (ኮድ ውስጥ ለሰው በሚጻፍ ማስታወሻ) ጻፉት፤ ማን እንደነገራችሁና ቀኑንም ጨምሩ።