ያረጀች ድመትን በአውሮፕላን ይዞ ለመሄድ እንዴት እንዘጋጅ?

ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት ይዣት ስሄድ ውሮ 13 ዓመቷ ነበር። ዘመዶቼ «አሮጊት ድመት ምን ታደርግልሻለች? ለጎረቤት ስጪያት» ብለውኝ ነበር። አልሆነልኝም። ያረጀች ድመት ቤቷንም ሰዋንም በአንድ ቀን ስታጣ ምግብ ልትተው ትችላለች። ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ግን የአንድ ሳምንት ሥራ አይደለም። ቢያንስ አምስት ወር ያዙለት።

መጀመሪያ ሐኪም ጋ

ከወረቀቱ በፊት ጤናዋ ይታይ። የ13 ዓመት ድመት በሰው ዕድሜ ሲሰላ 68 ዓመት ገደማ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ደሟንና ሽንቷን ይመርምር፣ የደም ግፊቷን ይለካ፣ ልቧን ያዳምጥ። በዚህ ዕድሜ የኩላሊት ድካም፣ የታይሮይድ ችግርና የመገጣጠሚያ ሕመም የተለመዱ ናቸው። ድመት ደግሞ ሕመሟን ትደብቃለች። ውሃ ማብዛቷን፣ እየበላች መክሳቷን፣ ሶፋ ላይ ለመውጣት ማመንታቷን ልብ በሉ። የኔዋ የውሃ ሳህኗን በቀን ሁለቴ ባዶ ስታደርግ ሙቀቱ ነው ብዬ አልፌው ነበር። ኩላሊቷ ነበር።

ለአዲስ አበባ ድመት አንድ ነገር ይቀላታል። በበረራ ጊዜ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ያህል ነው። አዲስ አበባም ከዚያ ብዙ አትርቅም። የሚያስቸግረው የአየሩ ድርቀት ነው፤ ኩላሊቷ የደከመ ድመት ውሃ ቶሎ ያጥራታል። ሐኪሙ ልቧን ወይም አተነፋፈሷን አይቶ «አትችልም» ካለ ግን እሺ በሉ። የምታውቀው ቤት ውስጥ፣ ከምትወደው ሰው ጋር ትቆይ።

ወረቀቱ

ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር የምትሄዱ ከሆነ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። በቅድሚያ ከቆዳዋ ሥር የሚቀበር ባለ 15 አሃዝ መለያ ማይክሮቺፕ፣ ከዚያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። ክትባቱ ከቺፑ ቀድሞ ከተሰጠ አይቆጠርም። ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደሟ ይቀዳና ክትባቱ መሥራቱ እንዲታይ ኅብረቱ ዕውቅና ወደሰጠው ላቦራቶሪ ይላካል። ውጤቱ በሚሊ ሊትር 0.5 ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ደሟ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ደግሞ ሦስት ወር ትጠብቃላችሁ። የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የሚፈርምበት የጤና ሰርተፍኬት ግን በመጨረሻዎቹ 10 ቀናት የሚወጣ ነው። ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ሰው ይቀላል። የፌዴራሉ መንግሥት ለድመት የክትባት ማስረጃ አይጠይቅም፤ አየር መንገዱና የምትገቡበት ግዛት ግን ሊጠይቁ ስለሚችሉ ቀድማችሁ አጣሩ።

ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አየር መንገዱ ጋ ደውሉ። ድመት ካቢን ውስጥ ያስገባል ወይ? የቦርሳው ልክ ስንት ነው? ክብደቱስ? በአንድ በረራ የሚፈቀደው የእንስሳት ቁጥር ውስን ስለሆነ ቦታዋን አስይዙ። እኔ ያረጀች ድመት ካርጎ ውስጥ አላስገባም።

ቦርሳው ቤቷ ይሁን

ትልቁ ሥራ እዚህ ጋ ነው። ከጉዞው ሦስት ወር በፊት ቦርሳውን ከፍታችሁ እሷ የምትተኛበት ጥግ አስቀምጡት። ጉልበቷ ስለሚያማት መግቢያው ዝቅ ያለ፣ ወለሉ ለስለስ ያለ ይሁን። እኔ የእናቴን ያረጀ ጋቢ አጥፌ አነጠፍኩላት። ለአራት ቀን ዞር ብላም አላየችውም። በአምስተኛው ቀን የፊት እግሮቿን ብቻ አስገብታ ጋቢውን ረገጥ ረገጥ አደረገችው። በሳምንቱ ውስጡ ተኝታ አገኘኋት። አስገድዳችሁ አታስገቧት፤ አንድ ቀን ገፍታችሁ ካስገባችኋት የወር ልፋታችሁ ገደል ይገባል።

ስትለምደው ምግቧን ውስጡ አቅርቡላት። ከዚያ ዚፑን ለአንድ ደቂቃ ዝጉት፣ ቆይቶ ለአምስት፣ ከዚያ ለግማሽ ሰዓት። በመጨረሻ ታክሲ ይዛችሁ ሰፈሩን አንድ ዙር ዞራችሁ ተመለሱ።

ማስተኛ መድኃኒት በራሳችሁ አትስጧት። የደም ግፊቷን ሊያወርድ ይችላል። በጣም የምትፈራ ከሆነ ሐኪሙ ጋባፔንቲን የሚባል የሚያረጋጋ መድኃኒት ሊያዝላት ይችላል፤ ኩላሊቷ ለደከመ መጠኑ ይቀንሳል። አስቀድማችሁ ቤት ውስጥ ሞክሩት።

የጉዞው ቀን

ከመነሳታችሁ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ቀደም ብሎ ትንሽ ትብላ። ውሃ ግን አትከልክሏት። እኔ በረራው ላይ መርፌ በሌለው ስሪንጅ በከንፈሯ ጥግ ጠብ ጠብ አደረግኩላት። ከሥሯ ሽንት የሚመጥ ጨርቅ አንጥፉ፤ ትርፍም ያዙ። መድኃኒቷ ከእጃችሁ አይለይ።

ፍተሻ ላይ ቦርሳው ብቻውን በማሽኑ ያልፋል፣ እሷን ታቅፋላችሁ። የደረት ማሰሪያ ከቤት አድርጉላት፤ የተዘጋ ክፍል ውስጥ እንዲፈትሿችሁም ጠይቁ። ካለፋችሁ በኋላ ቦርሳውን በነጠላ ሸፍኑላት። ስትደርሱ ጉምሩክ ላይ በቀዩ መስመር ሄዳችሁ ወረቀቷን አሳዩ።

አዲሱ ቤት ስትገቡ አንድ ክፍል ብቻ ስጧት። ቦርሳው ክፍት ሆኖ ይቀመጥ፣ ጋቢው እንዳይታጠብ፣ አሸዋዋ ጠርዙ ዝቅ ባለ ዕቃ ይሁን። ውሮ የመጀመሪያውን ሌሊት ቦርሳዋ ውስጥ አደረች፤ ጠዋት ወጥታ በላች። የእናንተዋ ሙሉ ቀን ካልበላች ወይም ካልሸናች ሳታድሩ ሐኪም ጋ ደውሉ።