ቀለማቱ የተለያዩበት ፕሮጀክሽን ቴሌቪዥን፦ ከሜሞሪው በፊት ማጉያውን መመርመር

ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሥዕል ወደ ስክሪኑ የሚያበሩ ሦስት ቱቦዎች ባሉት ፕሮጀክሽን ቴሌቪዥን ላይ ነጭ መሆን የነበረበት መስመር ቀይና ሰማያዊ ሆኖ ሲለያይ፣ ብዙ ሰው ቸኩሎ የማስተካከያ ሜኑውን ይከፍትና ቀለማቱን መጎተት ይጀምራል። ይህ ችኮላ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመረዳት ቀለማቱን የሚያገጥመው ልኬት የት እንደሚቀመጥ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቀዩና ሰማያዊው ቱቦ ከአረንጓዴው ግራና ቀኝ ሆነው ወደ ስክሪኑ በሰያፍ ስለሚያበሩ፣ የሦስቱ ሥዕል ያለ እርማት አይገጥምም። በዲጂታል ኮንቨርጀንስ (ሦስቱን ቀለማት በቁጥር እርማት በማገጣጠም) የሚሠሩት ሞዴሎች በስክሪኑ ላይ እንደ መረብ ለተዘረጉ ነጥቦች በየቀለሙ የአግድምና የቁም እርማት ቁጥር ይይዛሉ፤ በነጥቦቹ መካከል ያለውንም ራሳቸው አስልተው ይሞሉታል። ቁጥሮቹ የሚቀመጡት መብራት ቢቋረጥም የያዘውን በማያጠፋ፣ ኢኢፕሮም በሚባል ሜሞሪ ውስጥ ነው። ቴሌቪዥኑ ሲበራ ቁጥሮቹ ተነበው ወደ ሞገድ ይለወጣሉ፣ ሞገዱን በሚያጎሉ ቺፖች፣ ማለትም በማጉያ አይሲዎች ያልፋሉ፣ በመጨረሻም በየቱቦው አንገት ላይ ወዳለው የኮንቨርጀንስ ኮይል (የሽቦ ጥቅል) ይደርሳሉ። ሦስት ቀለም በሁለት አቅጣጫ ስድስት መንገድ ስለሚሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ኤስቲኬ 392-110 ያሉ፣ ሦስት ሦስት መንገድ የሚያጎሉ ሁለት አይሲዎች ይገኛሉ።

ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ብልሽት ይህ ነው። ትናንት ደህና ያመሸ ቴሌቪዥን ዛሬ ሲከፈት ከቀለማቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ከላይና ከታች እንደ ደጋን ጎብጠው ይታያሉ። መንስኤው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የተቃጠለ ማጉያ አይሲ እንጂ ሜሞሪው አይደለም። የማስተካከያ ሜኑው በሚያሳየው የመስመር መረብ ላይ የጎበጠውን ቀለም ጥቂት አንቀሳቅሱት፤ አልንቀሳቀስ ካለ ወይም ወደ አንድ ወገን ብቻ ከሄደ ማጉያው ሞቷል። ከዚያ ምንም ሳታስቀምጡ ውጡ። ዳግመኛ እላለሁ፣ አታስቀምጡ! በስክሪኑ ዳር ባሉ ዳሳሾች የሚሠራውን አውቶማቲክ ማስተካከያም አትንኩ።

አንድ ባለቤት ሦስት ምሽት ሙሉ ቀዩን ሲጎትት ከርሞ በየምሽቱ አስቀምጦ ነበር። አይሲዎቹን ስቀይር ቀዩ በተቃራኒው አቅጣጫ ጎበጠ፤ ሜሞሪው የያዘው ለታመመ ማጉያ የተሰጠ ቁጥር ነበርና። የፋብሪካው ልኬት ስለጠፋ እያንዳንዱን ነጥብ በእጄ መመለስ ነበረብኝ፤ የሁለት ሰዓት ሥራ ሙሉ ቀን ፈጀ።

አንዱ ብቻ ቢቃጠልም ሁለቱንም አይሲ ቀይሩ። ገበያውን የሞላው አስመስሎ የተሠራ አይሲ በጥቂት ቀን ውስጥ ይቃጠላል፤ እንዲህ ያለውን ዕቃ አውቆ የሚሸጥ ሰው የጠጋኙን ድካምና የባለቤቱን ገንዘብ ይሰርቃል። አሮጌውን የሙቀት ቅባት ጠርጋችሁ አዲሱን በስሱ ቀቡ፤ አይሲውን መጀመሪያ ሙቀቱን በሚያስወግደው ብረት (በሂትሲንኩ) ላይ በብሎን አጥብቁ፣ ከዚያ በይዱ። አይሲው ከሂትሲንኩ ጋር በብሎን ሳይታሰር ቴሌቪዥኑን ለሰከንዶችም ቢሆን አታብሩ። በዙሪያው ያሉትን ጥቂት ኦም ብቻ ያላቸውን ትንንሽ ሪሲስተሮች አንድ እግራቸውን አንስታችሁ ለኩ፤ ቀለማቸው እንኳ ያልተለወጠ አንድ ባለ 3.9 ኦም ሪሲስተር ውስጡ ተበጥሶ አረንጓዴውን ጎባጣ አድርጎ ግማሽ ቀን አሳስቶኛል። ወደ ቱቦዎቹ የሚሄደው ቮልቴጅ 30,000 ቮልት ያህል ስለሚደርስ በዚያ አካባቢ እጃችሁን አታስገቡ።

ከጥገናው በኋላ ቴሌቪዥኑን ቢያንስ ለ20 ደቂቃ አሙቁት። አስቀድማችሁ የአረንጓዴውን ቅርጽ አቅኑ፣ ቀዩን በአረንጓዴው ላይ ግጠሙ፣ ሰማያዊውን በመጨረሻ አምጡ።

ቴሌቪዥኑ ቦታ ከተቀየረ በኋላ የታየ ጥቂት መዛነፍ ከምድር መግነጢሳዊ መስክ ስለሚመጣ፣ የተጠቃሚው ሜኑ ይበቃዋል። ከቱቦው ፊት የፈሰሰ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ቦርዱን ከነካ መጀመሪያ ፍሳሹን አስቁሙ።

ልኬቱን ካስቀመጣችሁ በኋላ አጥፍታችሁ እንደገና አብሩ። በትክክል የተቀመጠው ልኬት ደጋግሞ ወደ አሮጌው ከተመለሰ፣ ኢኢፕሮሙን መጠርጠር የሚገባው ያን ጊዜ ነው።