እምነትን በታሪክ፣ በግጥምና በሥዕል ስናካፍል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰሜን ሸዋ የጥበብ ስጦታ ያለው ወጣት ሞልቷል። ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ ወይም አረርቲ ብትሄዱ፣ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ግጥም የሚጽፍ፣ ድራማ የሚያዘጋጅ፣ ሥዕል የሚሥል፣ በገና የሚደረድር አታጡም። አሁን ደግሞ በስልኩ አጭር ቪዲዮ ሠርቶ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ የሚለቅም አለ። ይህን ሳይ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ብዙዎቻችን ታሪኩን አናምነውም። ታሪክ ብቻውን የሰው ልብ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል እንጠራጠርና ሌላ ነገር እንጭንበታለን። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ ጥርጣሬ የሚመጡ ናቸው።

ድራማው መሐል ስብከት መጀመር

በጣም የተለመደው ይኼ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ድራማው ጥሩ እየሄደ ነው። ልጅ ከአባቱ ተጣልቷል፣ እናት መሐል ገብታ ታለቅሳለች፣ አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ድንገት አንዱ ተዋናይ ወደ ተመልካቹ ይዞርና "ስለዚህ ወገኖቼ" ብሎ ትምህርት ይጀምራል። አሁን ሲያለቅስ የነበረው ሰው እንባውን ጠርጎ ሰዓቱን ያያል።

ነቢዩ ናታንን አስቡት። በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 ወደ ዳዊት ሲመጣ በተግሣጽ አልጀመረም። ስለ አንድ ባለጸጋና ስለ አንድ ድሃ፣ ድሃውም እንደ ልጁ አድርጎ ስላሳደጋት አንዲት በግ ነገረው። ዳዊት ተቆጣ፣ ፈረደም። ናታን "ያ ሰው አንተ ነህ" ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ንጉሡ በራሱ አፍ ፈርዶ ስለነበር የሚያመልጥበት መንገድ አልነበረውም።

ጌታችን ደግሞ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የጠፋውን ልጅ ታሪክ ሲናገር መጨረሻውን ክፍት ትቶታል። አባትየው ወጥቶ ታላቁን ልጅ ይለምነዋል። ልጁ ግን ወደ ግብዣው ይግባ አይግባ አልተነገረንም። ሰሚዎቹ ያንን መልስ ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። የዘሪውን ምሳሌም ለሕዝቡ በደፈናው ነገራቸው። ፍቺውን የሰጠው በኋላ፣ ለብቻው ሲሆን ለጠየቁት ነው።

በእኛም ቤት ይህ እንግዳ አይደለም። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468) ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ አድርገዋል። ፊደል ያልቆጠረው ሕዝብ ስለ ምሕረትና ስለ ምልጃ የተማረው እንዲህ ያለ ታሪክ እየሰማ ነው።

ስለዚህ ጽሑፋችሁን ስትጨርሱ የመጨረሻውን ገጽ አውጡና ያለ እሱ አንድ ጊዜ ተለማመዱት። ብዙ ጊዜ ምንም አይጎድልም።

ኃጢአተኛውን መሳቂያ ማድረግ

በየድራማው ጠጪው ይንገዳገዳል። ከከተማ የመጣችው ልጅ ማስቲካ ታኝካለች። ሰው ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ ግን ማንም "ይኼ እኔ ነኝ" አይልም። በአንጻሩ ጻድቁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቆጣም፣ አይፈራም፣ አይሳሳትም። እንዲህ ያለ ሰው በየትኛው ሰፈር አለ? የሐዋርያት አለቃ የሆነው ጴጥሮስ እንኳ በአንዲት ገረድ ፊት መካዱና መራራ ልቅሶ ማልቀሱ ተጽፎልናል።

እውነተኛው ፈተና አጠገባችን አለ። በመንዝም ሆነ በመርሐቤቴ በእርሻ ድንበር የተነሣ ስንት ወንድማማች ተለያይቷል! ስንት ቤት ውስጥ ቂም ከአባት ወደ ልጅ ተላልፏል! ቅዳሴ የሚያስቀድስ፣ ጾሙን የሚጾም፣ የእናቱን ልጅ ግን ሰላም የማይል ሰው ገጸ ባሕርይ አድርጉ። ለምን እንዲህ እንደሆነም የእሱን ወገን ይዛችሁ ጻፉ። ሽማግሌ ገብቶ ደም የሚደርቅበት ዕለት ምን እንደሚመስል አባቶችን ጠይቁ። ከዚያ የሚወጣው ድራማ ስለ ይቅርታ የሚናገረው ብዙ ነገር ይኖረዋል።

ሀገሩን ከታሪኩ ማስወጣት

አንዳንድ አጭር ቪዲዮ ስናይ የት አገር እንደሆነ አይታወቅም። ሙዚቃው ከውጭ የተወሰደ ነው፣ ታሪኩም ከሌላ ቪዲዮ የተገለበጠ ነው፣ ልጆቹ የሚነጋገሩት የትርጉም ፊልም በሚመስል አማርኛ ነው። ጌታችን ለገበሬው ስለ ዘር፣ ለዓሣ አጥማጁ ስለ መረብ ነበር የነገረው።

እስቲ የዘሪውን ምሳሌ ወደ መንዝ አምጡት። ገብሱ በቅሏል፣ አምሯል፣ ሊያሽት ሲል ውርጭ ይመታዋል። ባለቤቱ ጠዋት ማሳው ዳር ቆሞ ምን ይላል? በሚቀጥለው ዓመት እንደገና የሚዘራው በምን ተስፋ ነው? የመንዝ ሰው ይህን ለማስረዳት መምህር አያስፈልገውም። ምንጃር ከሆነ ደግሞ በጤፍና በሽምብራ ንገሩት። የጠፋችውን በግ የሚፈልገው እረኛም ባና ለብሶ በብርዱ ገደል ለገደል ይሂድ።

አንኮበር በ1925 ዓ.ም. የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ በለንደን ሥዕል ተምረው ሲመለሱ ክፍለ ሀገሩን እየዞሩ የሕዝቡን ባህልና የጥንቱን ሥዕል አጥንተዋል። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ሥዕል የሣሉትም እኚሁ ሰው ናቸው። ሙያውን ከየትም መማር ይቻላል። ዓይን ግን ሀገሩን ማየት አለበት።

የሰውን ሕመም ማሳያ ማድረግ፣ ተአምርን ማጋነን

ይህንን በጥብቅ እናገራለሁ። ሰሜን ሸዋ ብዙ ሰው ጸበል ፍለጋ የሚመጣበት ምድር ነው፤ ጻድቃኔ ማርያምን የማያውቅ የለም። የሰው ስቃይ በሚታይበት ቦታ ሁሉ ስልክ አውጥቶ የሚቀርጽ አይጠፋም። የታመመችው ልጅ ራሷን ስታ የጮኸችበት ቪዲዮ በማግስቱ በየስልኩ ይዞራል። እሷ አልተጠየቀችም። ነገ ስትድን ከዚያ ቪዲዮ ጋር ትኖራለች፤ ትዳርም፣ ሥራም፣ ጎረቤትም አላት። ለእምነት ምስክርነት ብለን የሰውን ገመና መግለጥ ፍቅር የለበትም።

የተፈወሰ ሰው ራሱ ልናገር ካለ ይናገር። ሲናገር የረሳውን አትሙሉለት፣ ያልተናገረውን አትጨምሩ። ሦስት ወር የታመመውን "ሦስት ዓመት" ብላችሁ አትጻፉ። ሕክምናም ተከታትሎ ከሆነ አትደብቁት። ቅዱስ ሉቃስ ወንጌሉን ሲጀምር ሁሉን ከመጀመሪያው በጥንቃቄ ተከታትሎ እንደጻፈ ይናገራል። አንድ የተጋነነ ታሪክ ከተደረሰበት በኋላ እውነተኛዎቹንም የሚያምን አይገኝም።

ሥዕልንና ዜማን ለማሳመሪያ ብቻ መጠቀም

በጽላልሽ ዞረሬ የተወለዱትን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ሥዕል ያላየ የለም። ክንፍ አላቸው፤ ከጸሎት ብዛት የተሰበረችው አንድ እግራቸው ከሥር ትታያለች። ማንበብ የማይችል እረኛ ይህን ሥዕል እያሳየ ገድላቸውን ይተርክላችኋል። በቆየው አሣሣል ደግሞ ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን ይታያሉ። እያንዳንዱ ነገር ምክንያት አለው። ያንን ሳይማሩ ከኢንተርኔት ያገኙትን ሥዕል ሁሉ መለጠፍ ታሪኩን ያጠፋል።

በገናም እንዲሁ ነው። አሥሩ አውታር በዐቢይ ጾም የሚሰማው ሰው ዝም ብሎ ራሱን እንዲያይ ነው። ተራኪው እየተናገረ ከሥሩ በገና፣ በላዩ ዋሽንት፣ ከዚያ ደግሞ የነጎድጓድ ድምፅ ከተጨመረ አንዱም አይሰማም። አንዱን ምረጡ።

ጎረቤትን እየነኩ እምነትን መናገር

ከአንኮበር ቁልቁል ሲወረድ አልዩ አምባ አለ፤ የአርጎባ ሙስሊሞች ከጥንት ጀምሮ የኖሩበት፣ የታወቀ ገበያ የነበረበት ነው። ሸዋ ሮቢትና አጣዬም ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብቶ ይኖራል። ባለፉት ዓመታት ይህ አካባቢ ብዙ ሐዘን አይቷል። እንዲህ ባለ ቦታ የሌላውን እምነት የሚያንኳስስ ግጥም ጽፎ "መሰከርኩ" ማለት አይገባም። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 ስለ ተስፋችን ለሚጠይቁን ሁሉ መልስ ለመስጠት እንድንዘጋጅ ያዝዛል፤ አብሮም በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን ይላል። ግጥማችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት ሙስሊሙ የክፍል ጓደኛችሁ አጠገባችሁ ተቀምጦ ቢሰማው ታነቡለት እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። የማታነቡለት ከሆነ ደግማችሁ ጻፉት።

ስጦታ መድረክ ላይ ብቻ ያለ ይመስለናል

በዘጸአት ምዕራፍ 31 እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ እንደሞላው እናነባለን፤ ሥራውም የወርቅ፣ የብር፣ የናስና የእንጨት ጥበብ ነበር። ምዕራፍ 35 ደግሞ የፍየል ጠጉር የፈተሉትን ሴቶች ያነሣል። ስለዚህ መንዝ ውስጥ ሱፍ የሚፈትሉ እናቶችን አትለፏቸው። ማይክ ይዘው ባያውቁም እየፈተሉ ለልጅ ልጆቻቸው የዮሴፍን ታሪክ ሲተርኩ ከማናችንም ይበልጣሉ። አንዳንዴ ልጆቹን ወደ አዳራሹ ከመጥራት ወደ እማሆይ ቤት መላክ ይሻላል።

ዝግጅቱ ሲያልቅ ወዲያው መበተን

ጉባኤው ሲዘጋ እኛ ዕቃ እንሰበስባለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ "እንዴት ነበር?" እየተባባልን እንሄዳለን። በዚያ ሰዓት በሩ አጠገብ የቆመ፣ መናገር የፈለገ ሰው ሳያናግረን ይሄዳል። የምሳሌውን ፍቺ ጌታችን ለብቻቸው ለጠየቁት እንደ ነገራቸው አስታውሱ፤ መጠየቂያ ጊዜና ቦታ ነበራቸው።

ሁለት ወይም ሦስት ልጆች በዚያ ቀን ምንም ሌላ ሥራ አይሰጣቸው። በሩ አካባቢ ይቁሙ፣ ሻይ ካለ ያቅርቡ። ለሽማግሌው "አባባ፣ የቱ ቦታ ላይ ልብዎት ተነካ?" ይበሉ፣ ከዚያ ያዳምጡ። የማይመልሱት ጥያቄ ከመጣ ስልክ ቁጥር ይቀበሉና በዚያው ሳምንት ከአንድ መምህር ወይም ከንስሐ አባት ጋር ያገናኙ።