የዘጉትን ብቻ ይክፈቱ፦ በኮርቴክስ-ኤም ከርነል ውስጥ የኢንተራፕት ሁኔታን ማስተካከል

ሰሌዳው ለሰዓታት ያለችግር ይሠራና በድንገት ሃርድፎልት (ፕሮሰሰሩ መቀጠል የማይችልበት ከባድ ስህተት) ውስጥ ይወድቃል፤ ወይም ለሥራ የተዘጋጁ ታስኮች (ከርነሉ በየተራ የሚያስኬዳቸው ሥራዎች) ዝርዝር መሃሉ ላይ ይበጠስና አንድ ታስክ ደብዛው ይጠፋል። ዲበገር ሲያያዝ ችግሩ አይታይም፤ የማተሚያ መስመር ሲጨመር ቦታውን ይቀይራል። መጀመሪያ የሚጠረጠረው የስታክ መሙላት ነው፤ እሱን ማጣራት ተገቢ ነው። እሱ ካልሆነ ግን ከርነሉ (ታስኮቹን የሚያስተዳድረው ኮድ) ኢንተራፕትን (እየሄደ ያለውን ኮድ የሚያቋርጠውን የሃርድዌር ጥሪ) የሚዘጋበትንና የሚከፍትበትን ኮድ ይመርምሩ። እዚህ የምንይዘው አርም ኮርቴክስ-ኤም4 ፕሮሰሰርን ነው። ቁጥሮቹ በ168 ሜጋኸርዝ ከሚሠራው ኤስቲኤም32ኤፍ407 ቺፕ የተወሰዱ ናቸው፣ ምሳሌ የሚሆነን ከርነል ደግሞ ፍሪአርቶስ ነው። ከርነሉን ራስዎ ጽፈውት ቢሆንም ሕጉ ያው ነው።

የብዙዎቹ ብልሽቶች ምንጭ «ዝጋ» እና «ክፈት» የሚባሉ ሁለት ተራ ፈንክሽኖች ናቸው። አንድ ፈንክሽን ዝርዝሩን ለማስተካከል ኢንተራፕት ይዘጋል፤ መሃል ላይ ሌላ ፈንክሽን ይጠራል፤ ያኛውም ለራሱ ሥራ ይዘጋና ሲጨርስ ይከፍታል። ወደ መጀመሪያው ሲመለስ ዝርዝሩ ገና በግማሽ ተያይዞ ሳለ ኢንተራፕቱ ተከፍቷል። የቀሩት ትእዛዞች ከአንድ ማይክሮ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ስለሚፈጁ፣ የሰዓቱ ኢንተራፕት እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ለመውደቅ ሰዓታት ቢወስድበት አይገርምም። በሩን ተዘግቶ ያገኘ እንግዳ ሲወጣም ዘግቶት መውጣት አለበት።

ስለዚህ ሁለቱን ፈንክሽኖች ያስወግዱና በ«አስቀምጠህ ዝጋ» እና በ«ወደነበረበት መልስ» ይተኩ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በማንበቢያው ትእዛዝ በኤምአርኤስ የፕራይማስክን (1 ሲሆን ኢንተራፕቶችን የሚዘጋውን ሬጅስተር) ዋጋ ያንብቡ፤ ቀጥሎ በመዝጊያው ትእዛዝ በሲፒኤስ-አይዲ ይዝጉ፤ ያነበቡትን ዋጋ ለጠሪው ይመልሱለት። ሲወጡ መክፈቻውን ሲፒኤስ-አይኢን አይጠቀሙ፤ ያንኑ ዋጋ በኤምኤስአር መልሰው ይጻፉ። ሲገቡ 1 ከነበረ ሲወጡም 1 ይሆናል።

እዚህ ላይ ሰው በተደጋጋሚ የሚሳሳትባቸው ነገሮች አሉ። የተነበበው ዋጋ የሚቀመጠው በሎካል ቫሪያብል ብቻ ነው፤ በግሎባል ካስቀመጡት የውስጠኛው ጥሪ የውጪውን ዋጋ ይደመስስና ከርነሉ ለዘላለም ዝግ ሆኖ ይቀራል። በኢንላይን አሴምብሊ ከጻፉት የሜሞሪ ክሎበር ምልክቱን (ለኮምፓይለሩ «ሜሞሪ ሊቀየር ይችላል» የሚለውን) አይርሱ፤ ከሌለ ኮምፓይለሩ ዝርዝሩን የሚነካውን ኮድ ከተዘጋው ክልል ውጭ ሊያወጣው ይችላል፤ ይህ ደግሞ የኮምፓይለሩ ማመቻቸት (ኦፕቲማይዜሽን) ሲበራ ብቻ የሚታይ ብልሽት ነው። በፈንክሽኑ መሃል ያለ የመመለሻ (ሪተርን) መስመርም አለ፤ ስህተት ሲያገኝ የተነበበውን ዋጋ ወደነበረበት ሳይመልስ ሹልክ የሚል። በፕሮጀክቱ ውስጥ «ዝጋ»ን የሚጠራውን መስመር ሁሉ ፈልገው ከእያንዳንዱ የሚወጡትን መንገዶች በእጅ ይከተሉ። አሰልቺ ነው፣ ግን በጣም ብዙ ብልሽት የሚገኘው እዚያ ነው።

በማንበቡና በመዝጋቱ መካከል ኢንተራፕት ቢገባስ? ችግር የለውም። የገባው ኢንተራፕት ሲወጣ ፕራይማስክን እንዳገኘው ከተወው ያነበቡት ዋጋ ልክ ነው፤ የታስክ ለውጥ ቢፈጠርም ዋጋው ያለው በዚያው ታስክ ሬጅስተር ወይም ስታክ ላይ ነው።

ፍሪአርቶስ በታስክ በኩል የሚከተለው ሌላ መንገድ ነው፦ ቆጣሪ። ሲገባ ይዘጋና ቆጣሪውን በ1 ይጨምራል፣ ሲወጣ ይቀንሳል፣ 0 ሲደርስ ብቻ ይከፍታል። በራስዎ ከርነል ቆጣሪ ከሠሩ መዝጋቱ ከመጨመሩ ይቅደም። ቆጣሪው ለሁሉም ታስኮች አንድ ነው፤ መጀመሪያ ጨምረው ሳይዘጉ ታስክ ከተቀየረ፣ ሌላው ታስክ ገብቶ ሲወጣ ቆጣሪው 1 ላይ ይቆምና ሳይከፍት ይሄዳል። ሌላም ግር የሚል ነገር አለ፦ በኮርቴክስ-ኤም ላይ ቆጣሪው ስኬጁለሩ (ታስኮችን የሚያፈራርቀው የከርነሉ ክፍል) እስኪነሳ ድረስ ሆን ተብሎ ከ0 የራቀ ትልቅ ቁጥር ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ስኬጁለሩ ሳይጀምር ኪው (የመልእክት ወረፋ) ወይም ታስክ ከፈጠሩ በኋላ ኢንተራፕቶች ተዘግተው ቢያገኙ ብልሽት አይደለም። ከዚያ በኋላ በኢንተራፕት የሚቆጥር የመጠበቂያ ፈንክሽን ከጠሩ ግን ፕሮግራሙ እዚያው ይቆማል።

ቆጣሪው ለኢንተራፕት አገልጋይ ኮድ አይሆንም። እዚያ የ«ፍሮም አይኤስአር» ስሪቶችን ይጠቀሙ፤ እነሱ የቀድሞውን ጭንብል (የትኞቹ ኢንተራፕቶች እንደተዘጉ የሚናገረውን ዋጋ) ይመልሱልዎታል፣ እርስዎም መልሰው ይሰጧቸዋል። የታስኩን ስሪት ከኢንተራፕት ውስጥ ከጠሩ፣ ኮንፊግ-አሰርት (የፍሪአርቶስ የስህተት ማጣሪያ) በርቶ ከሆነ ፖርቱ (ለዚህ ፕሮሰሰር የተጻፈው የከርነሉ ክፍል) ራሱ ይይዝዎታል። በልማት ወቅት ያጥፉት የሚል ካለ አይስሙት።

አሁን ወደ ሌላው የመዝጊያ ሬጅስተር፣ ወደ ቤዝፕራይ። ፕራይማስክ ቅድሚያቸው የሚስተካከል ኢንተራፕቶችን በሙሉ ይዘጋል፤ ቤዝፕራይ ግን ከአንድ የቅድሚያ ደረጃ ጀምሮ ወደ ታች ያሉትን ብቻ ስለሚዘጋ አስቸኳዩ የሞተር መቆጣጠሪያ ኢንተራፕት መሥራቱን ይቀጥላል። ኮርቴክስ-ኤም0 እና ኤም0+ ቤዝፕራይ የላቸውም፤ እዚያ ያለው ምርጫ ፕራይማስክ ነው። በኤም4 ላይ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቅድሚያው ይበልጣል፣ በቤዝፕራይ ውስጥ 0 ማለት ደግሞ «ምንም አልተዘጋም» ማለት ነው። የቁጥሩ ስህተት የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ኤስቲኤም32ኤፍ407 ከ8ቱ የቅድሚያ ቢቶች የላይኞቹን 4 ብቻ ነው የሠራው። ደረጃ 5ን ለመዝጋት ቤዝፕራይ ውስጥ የሚገባው 5 አይደለም፤ 5 በ16 ተባዝቶ 80 ነው። 5 ብለው ቢጽፉ የታችኞቹ 4 ቢቶች ስለሌሉ ሬጅስተሩ 0 ይይዛል፤ ክሪቲካል ሴክሽንዎ (ኢንተራፕት ተዘግቶ መሠራት ያለበት ክልል) ምንም ሳይዘጋ በሰላም ያልፋል። በተቃራኒው የሲምሲስ (የአርም መደበኛ ላይብረሪ) የቅድሚያ ማስተካከያ ፈንክሽን ቁጥሩን ወደ ላይኞቹ ቢቶች ማዞሩን ራሱ ስለሚሠራ 5 ይሰጡታል እንጂ 80 አይሰጡትም።

ሪሴት ሲደረግ የሁሉም የውጪ ኢንተራፕት ቅድሚያ 0 ነው፣ ማለትም ከፍተኛው። ቅድሚያውን ሳያስተካክሉ የከርነል ፈንክሽን የሚጠራ ዩአርት ኢንተራፕት ካበሩ ቤዝፕራይ አያግደውም፣ ዝርዝሩንም መሃሉ ላይ ይገባበታል። የከርነሉ የመዝጊያ ደረጃ እንደ ምሳሌያችን 5 ከሆነ፣ ከርነሉን የሚነካ ኢንተራፕት ሁሉ ቁጥሩ 5 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ከ0 እስከ 4 ያሉት የከርነል ፈንክሽን ፈጽሞ አይጥሩ። የቡድን ክፍፍሉን ቡድን 4 ላይ ያድርጉት፣ 4ቱም ቢቶች ለቅድሚያ እንዲውሉ። ታስክ የሚቀየርበት ኢንተራፕት፣ ፔንድኤስቪ፣ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ፣ ማለትም 15 ላይ ይቀመጥ።

በራስዎ ኮድ ጭንብሉን ከፍ ለማድረግ በቤዝፕራይ-ማክስ ስም ይጻፉ፤ የበለጠ የሚዘጋ ካልሆነ በስተቀር ሃርድዌሩ የሚጻፈውን ዋጋ አይቀበለውም፣ ስለዚህ ውስጠኛው ጥሪ የውጪውን ሊያላላ አይችልም። ሲመልሱ ግን ተራውን ቤዝፕራይ ይጠቀሙ።

ኮርቴክስ-ኤም7 ሪቪዥን አር0ፒ1 የያዘ ቺፕ ካለዎት ልብ ይበሉ። በኢራታ (በታወቁ የሃርድዌር ጉድለቶች ዝርዝር) ቁጥር 837070 እንደተመዘገበው ቤዝፕራይን ከፍ ማድረጉ ወዲያው ላይሠራ ይችላል። ፍሪአርቶስ ለዚህ የተለየ ፖርት አለው፤ ወደ ቤዝፕራይ የሚጽፈውን ትእዛዝ በሲፒኤስ-አይዲ እና በሲፒኤስ-አይኢ መካከል ያስገባዋል። መጨረሻ ላይ ያለው ሲፒኤስ-አይኢ ግን ፕራይማስክን ያለምንም ጥያቄ ይከፍታል። በፕራይማስክ ዘግተው የከርነል ፈንክሽን ከጠሩ ሲመለሱ ክፍት ያገኙታል። በአንድ ፕሮጀክት ሁለቱን መደባለቅ ጥሩ የማይሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ዘግቶ ታስክ መቀየርም አይሠራም። ፔንድኤስቪ በተዘጋ ጊዜ ይጠብቃል፤ ኮዱ ታስኩ የተቀየረ መስሎት ይቀጥላል። ፕራይማስክ 1 ሆኖ ኤስቪሲ (የከርነል መጥሪያ ትእዛዝ) ከተጠራ ደግሞ ወዲያው ወደ ሃርድፎልት ያድጋል። ፕራይማስክም ቤዝፕራይም ሃርድዌሩ ስታክ ላይ ከሚያኖራቸው 8 ሬጅስተሮች ውስጥ የሉም፤ ለእያንዳንዱ ታስክ ለየብቻ አይቀመጡም። ስለዚህ ታስክን ሊያስተኛ በሚችል ፈንክሽን መግቢያ ላይ ሁለቱም 0 መሆናቸውን የሚያረጋግጥ አሰርት ያስገቡ። ጥፋተኛው የሚያዘው በዚህ ነው፣ ከብዙ ሰዓት በኋላ በሚመጣ ሃርድፎልት አይደለም።

ካስተካከሉ በኋላ የተዘጋውን ጊዜ ይለኩ። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን የዲደብሊውቲ ሳይክል ቆጣሪ ያብሩ፤ ጭንብሉ ከ0 ሲነሳ ያንብቡ፣ ወደ 0 ሲመለስ ልዩነቱን ይያዙና ትልቁን ብቻ ያስቀምጡ። በዚህ ቺፕ 168 ሳይክል 1 ማይክሮ ሰከንድ ነው። ብልሽቱን ለማስገደድ ደግሞ ከሰዓቱ ጋር በማይገጥም ጊዜ፣ ለምሳሌ በየ97 ማይክሮ ሰከንዱ፣ በደረጃ 5 የሚነሳና ወደ ኪው የሚጽፍ የታይመር ኢንተራፕት ያብሩ፤ ኪውውን የሚያነብ ታስክም ይኑር። ሰዓታት ይወስድ የነበረው ብልሽት በዚህ ጫና ቶሎ ብቅ የማለት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ኃይል ለመቆጠብ ደብሊውኤፍአይ (ኢንተራፕት እስኪመጣ ፕሮሰሰሩን የሚያስተኛ ትእዛዝ) የሚጠቀም የስራ ፈት ታስክ ካለ ከመተኛትዎ በፊት የሚዘጉት በፕራይማስክ ይሁን። ፕራይማስክ 1 ቢሆንም የሚጠብቅ ኢንተራፕት ፕሮሰሰሩን ይቀሰቅሰዋል፤ በቤዝፕራይ የታገደ ኢንተራፕት ግን አይቀሰቅሰውም፣ ሰሌዳውም ተኝቶ ይቀራል።